የምዕራቡን ዓለም ታሪክ ከጥንት ጀምሮ በራስ ማጥናት፦ ደረጃ በደረጃ

የምዕራቡን ዓለም ታሪክ ላጥና ብሎ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ወፍራም መጽሐፍ ያነሳና ከገጽ አንድ ይጀምራል። ሜሶጶጣሚያን ያልፋል፣ ግብጽን ያልፋል፣ ግሪክ ሲደርስ የከተማውና የጦር አዛዡ ስም ይደበላለቅበታል። ሮም ሳይደርስ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ይህ የሰውዬው ስንፍና አይደለም፤ አጀማመሩ ነው የጎዳው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በአንድ ትንፋሽ አይነበብም።

እዚህ የማስቀምጠው መንገድ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ለሚያነብ ሰውም ይሆናል። ደብተር፣ እርሳስ፣ ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ እንዲሁም በሳምንት አራት አምስት ሰዓት በቂ ነው። አንድ ዓመት ስጡት። የማምንበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ታሪክ የሚገባው ጥቂት ነገር ቀረብ ብሎ ለሚያይና «ይህን ማን አለ? እሱስ እንዴት አወቀ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ነው። ከታች ያለው ሁሉ ወደዚያ ጥያቄ ለመድረስ ነው።

አንደኛ፦ ወሰኑን አስምሩ

ምዕራብ የሚባለው ዓለም በካርታ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ አያውቅም። ታሪኩ ሲጀምር መሃሉ የሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን ያገኙት ከፊንቄያውያን ነው። ክርስትና የተነሳው ከኢየሩሳሌም ነው። በሮም ዘመን መሃሉ ወደ ኢጣሊያ ይሄዳል፤ በመካከለኛው ዘመን ወደ ፈረንሳይና ጀርመን ይወጣል። ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰበት ከ1492 በኋላ ወደ ሊዝበን፣ ሴቪል፣ አምስተርዳምና ለንደን ይዞራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ውቅያኖሱን ተሻግሮ አሜሪካ ይገባል። በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን ጉዞ በቀስት ሳሉት። አንድ ምዕራፍ ስትጀምሩ «አሁን ቀስቱ የት ላይ ነው?» ብላችሁ ተመልሳችሁ እዩት።

ሁለተኛ፦ አሥራ ሁለት ዓመታትን በቃል ያዙ

ታሪክ ሽምደዳ አይደለም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ነው። ግን መያዣ የሚሆኑ ጥቂት ዓመታት በቃል ካልተያዙ የተነበበው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። እኔ የምመርጣቸው እነዚህ ናቸው። ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

508 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ ክሌስቴንስ በአቴንስ የዲሞክራሲን መሠረት ጣለ።
480 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ የፋርስ መርከቦች በሳላሚስ ተሸነፉ።
323 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ ታላቁ እስክንድር ባቢሎን ላይ ሞተ።
44 ከክርስቶስ ልደት በፊት፦ ዩሊየስ ቄሳር ተገደለ።
313፦ ክርስትና በሮም ግዛት ተፈቀደ።
476፦ የምዕራብ ሮም የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋኑ ወረደ።
800፦ የፍራንኮች ንጉሥ ሻርልማኝ ሮም ላይ ዘውድ ጫነ።
1347፦ ጥቁር ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ሲሲሊ ገባ።
1453፦ ቁስጥንጥንያ በኦቶማኖች እጅ ወደቀች።
1517፦ ጀርመናዊው መነኩሴ ማርቲን ሉተር ከሮም ቤተ ክርስቲያን ጋር ክርክሩን ጀመረ።
1789፦ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ።
1914፦ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ።

ታክሲ ሲጠበቅ፣ ቡና ሲፈላ፣ ሁለት ሁለቱን መያዝ ይቻላል። በኋላ ስለ አንድ ያልታወቀ ሰው ወይም ጦርነት ስታነቡ ከእነዚህ ከየትኛው በፊት፣ ከየትኛው በኋላ እንደሆነ ብቻ ተናገሩ። መጀመሪያ ላይ ይህ ይበቃል።

ሦስተኛ፦ የዘመን አቆጣጠሩን ሳትለዩ አትሂዱ

ይህ ደረጃ ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ደግሞ ጭራሽ አያነሱትም። ከአንድ መጽሐፍ ላይ የዓድዋ ድል 1888፣ ከሌላው 1896 ተብሎ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን ደብተራችሁ ላይ ሁለቱ ከተቀላቀሉ፣ አውሮፓ ውስጥ የሆነውን ከኛ ጋር ስታያይዙ የስምንት ዓመት ስህተት ይገባል። ያኔ ምክንያቱ ውጤት፣ ውጤቱም ምክንያት ሆኖ ይታያችኋል።

ሕጉ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ይሆናል። ሦስት ምሳሌ ውሰዱ። ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ጁላይ 28 ቀን 1914 ነው፤ በኛ ሐምሌ 21 ቀን 1906። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት ጁን 30 ቀን 1936 ነው፤ በኛ ሰኔ 23 ቀን 1928። የበርሊን ግንብ የተከፈተው ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ነው፤ በኛ ጥቅምት 30 ቀን 1982። የመጨረሻው ላይ ልዩነቱ 7 የሆነው ወሩ ጥቅምት ስለሆነ ነው።

የኔ ምክር ደብተሩን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መያዝ ነው። ወደኛ የምትቀይሩት ኢትዮጵያን የሚነካውን ብቻ ይሁን። ስትቀይሩ ደግሞ ሁለቱንም ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. ሳትሉ ቁጥር ብቻውን አትተዉ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ግን አትቀይሩ፤ እንዳለ ተዉት። እዚያ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ወደኋላ መሄዱ ነው። 480 ከ323 ይቀድማል። አምስተኛው ክፍለ ዘመን ማለት ከ500 እስከ 401 ነው። ዜሮ የሚባል ዓመትም የለም። ስለዚህ ቄሳር ከተገደለበት ከ44 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተነስተን፣ ወራሹ አውግስጦስ እስከ ሞተበት እስከ 14 እ.ኤ.አ. ስንቆጥር 44 እና 14 ደምረን አንድ እንቀንሳለን፤ 57 ዓመት ይመጣል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የሩሲያ የጥቅምት አብዮት የተካሄደው ዓለም በሙሉ ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ብሎ በሚጠራው ቀን ነው። ሩሲያ ያኔ የምትቆጥረው በአሮጌው የዩልያን አቆጣጠር ስለነበር በእነሱ ኦክቶበር 25 ነበር። የጎርጎርዮሱ አቆጣጠር የወጣው በ1582 ነው፤ አገሮች የተቀበሉት ግን በተለያየ ጊዜ ነው። ሁለት መጻሕፍት ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ቀን ሲለያዩ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

አራተኛ፦ ካርታውን በእጃችሁ ሳሉ

የሜዲትራኒያንን ባሕር በባዶ ወረቀት ላይ ሳሉ። ቆንጆ መሆን የለበትም። ኢጣሊያ፣ ግሪክ፣ ትንሿ እስያ፣ ግብጽ፣ ካርቴጅ (የዛሬዋ ቱኒዚያ)፣ ስፔን፣ ጥቁር ባሕር ይኑሩበት። ከዚያ በጥቁር ባሕርና በኤጅያን ባሕር መካከል ያለውን ቀጭን የውሃ መተላለፊያ፣ ዛሬ ዳርዳኔልስ የሚባለውን፣ በቀይ ቀለም አድምቁት።

ለምን እሱን? አቴንስ ከምታበቅለው በላይ ትበላ ነበር። ከጥቁር ባሕር አካባቢ የሚመጣው እህል የሚያልፈው በዚያ መተላለፊያ ነው። አቴንስና ስፓርታ ለ27 ዓመት ተዋጉ፤ ከ431 እስከ 404 ከክርስቶስ ልደት በፊት። በ405 የስፓርታው አዛዥ ሊሳንደር እዚያው መተላለፊያ ላይ፣ አይጎስፖታሚ በተባለ ዳርቻ፣ የአቴንስን መርከቦች መርከበኞቹ ለምግብ ተበታትነው ሳሉ ደረሰባቸው። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ማረካቸው። ከዚያ በኋላ የአቴንስን ግንብ ሰብሮ መግባት አላስፈለገውም። መንገዱን ዘጋ፣ ከተማዋ ተራበች፣ በሚቀጥለው ዓመት እጅ ሰጠች። ካርታ ሳያዩ ለሚያነቡት ይህ ከብዙ ጦርነቶች አንዱ ሆኖ ያልፋል። ካርታው ላይ ጣቱን ላስቀመጠ ግን ጉዳዩ የዳቦ ጉዳይ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል።

አምስተኛ፦ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ

ሁሉንም ለማወቅ የሚገባ ሰው ምንም ሳይዝ ይወጣል። አንድ ጥያቄ ምረጡና ዓመቱን ሙሉ ተከተሉት። ስለ እምነትና መንግሥት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሥራና ጉልበት፣ ስለ ዕውቀት፣ ስለ ሴቶች ሊሆን ይችላል። ለጀማሪ የምመርጠው ይህን ነው፦ የመወሰን መብት ያለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ አቴንስ ግቡ። ጉባኤው ላይ ተነስቶ መናገርና ድምፅ መስጠት ይቻላል፤ ግን ለአዋቂ ወንድ ዜጋ ብቻ ነው። ሴት፣ ባሪያና መጻተኛ የሉበትም። ወደ ሮም ሪፐብሊክ እለፉ፤ ቆንስል የሚባሉ ሁለት መሪዎች ለአንድ ዓመት ይመረጣሉ፣ አንዱ ሌላውን መግታት ይችላል። እንግሊዝ በ1215 ግቡ፤ ንጉሥ ጆን በማግና ካርታ ነጻ ሰው ያለ ሕግ እንዳይያዝ ቃል ይገባል። ግን ያኔ አብዛኛው ገበሬ ለጌታው የታሰረ ገባር ነበር፤ «ነጻ ሰው» ሲባል እሱ የለበትም። ከዚያ 1689 የእንግሊዝ የመብቶች ሕግ፣ 1776 አሜሪካ፣ 1789 ፈረንሳይ። የሴቶችን ድምፅ ስትከተሉ ኒውዚላንድ 1893፣ ፈረንሳይ 1944፣ ስዊዘርላንድ በፌዴራል ደረጃ 1971 ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሚገርመው የመጨረሻው ነው። ስዊዘርላንድ በሕዝበ ውሳኔ የምትታወቅ አገር ናት፤ ሴቶቿ ግን ሰው ጨረቃን ከረገጠ በኋላ ነው ድምፅ መስጠት የቻሉት።

ጥያቄው አብሯችሁ ሲሄድ ዘመናቱ አይለያዩም። አንድ ክር ይዛችሁ እየሄዳችሁ ነው።

ስድስተኛ፦ የጥንቱን ጸሐፊ ራሱን አንብቡ

ከዘመናዊ መጽሐፍ ብቻ የሚያጠና ሰው የሌላ ሰው መደምደሚያ ነው የሚያጠናው። የዘመኑን ሰዎች ጽሑፍ በትርጉም ማንበብ ያስፈራል፤ ግን አንድ ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን አይከብድም። የቄሳርን ግድያ እንውሰድ።

ሁለት የጥንት ጸሐፊዎችን ክፈቱ። አንዱ ሮማዊው ሱዌቶኒየስ ነው፤ ስለ ዩሊየስ ቄሳር የጻፈው ምዕራፍ 82። ሌላው ግሪካዊው ፕሉታርክ ነው፤ የቄሳር ሕይወት ምዕራፍ 66። ሁለቱም አጫጭር ናቸው። ወረቀት በሁለት ክፈሉና የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ጻፉ።

ሁለቱም ሃያ ሦስት ቁስል ይላሉ። ሁለቱም ቄሳር በመጨረሻ ቶጋውን፣ የሮማውያንን ረጅም ልብስ፣ ፊቱ ላይ እንደሸፈነ ይናገራሉ። ከዚያ ይለያያሉ። ሱዌቶኒየስ ዘንድ ቄሳር የመጀመሪያው ጩቤ ሲያርፍበት አንዴ አቃሰተ እንጂ ቃል አልወጣውም። ፕሉታርክ ዘንድ ግን የወጋውን ካስካን ዞሮ ጮኸበት። ከገዳዮቹ አንዱን፣ ብሩተስን፣ ሲያይ «አንተም ልጄ?» አለ የሚባለውስ? ሱዌቶኒየስ ያነሳዋል፤ ግን «አንዳንዶች እንዲህ ጽፈዋል» ብሎ ከራሱ ላይ ያወርደዋል። ያውም የተባለው በግሪክኛ ነው ይላል። ፕሉታርክ ደግሞ ያን ንግግር ጭራሽ አያውቀውም፤ ቄሳር ብሩተስ ጩቤ መምዘዙን ሲያይ ራሱን ሸፍኖ ወደቀ የሚሉ አንዳንዶች አሉ ይላል። የወደቀውም በአሮጌ ተቀናቃኙ በፖምፔ ሐውልት ሥር ነው።

አሁን አራት ጥያቄ ጠይቁ። ማን ጻፈው? መቼ? ለማን? እንዴት አወቀ? ሁለቱም የጻፉት ግድያው ከተፈጸመ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሁለቱም በቦታው አልነበሩም። ሱዌቶኒየስ የንጉሠ ነገሥቱ ጽሕፈት ቤት ባለሥልጣን ስለነበር ብዙ ሰነድ የማየት ዕድል ነበረው፤ ያም ሆኖ ወሬም ይወድ ነበር። ፕሉታርክ የሚጽፈው የሰውን ባሕርይ ለማሳየት ነው፤ ስለዚህ ለባሕርይ የሚሆን ነገር አያልፈውም። የዘመኑን ሰው ራሱን ከፈለጋችሁ የሮማዊውን ፖለቲከኛ የሲሴሮን ደብዳቤዎች አንብቡ። እሱ በዚያው ወር ሮም ውስጥ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመትም ራሱ ተገደለ።

ይህን አንድ ጊዜ የሠራ ሰው ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥንም በማኅበራዊ ሚዲያም የሚባለውን የሚሰማበት ጆሮ ይለወጣል። በየወሩ አንድ እንዲህ ዓይነት ንጽጽር ሥሩ። ሄሮዶቱስ ስለ ተርሞፒሌ የጻፈው፣ ቱሲዲደስ ስለ አቴንስ ወረርሽኝ የጻፈው፣ ፕሮኮፒየስ ስለ ምሥራቅ ሮም ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ አንዴ እያሞገሰ አንዴ እያዋረደ የጻፈው፣ ሁሉም ለዚህ ይሆናሉ። በተለይ የፕሮኮፒየስን ሁለት ፊት አንብቡ፤ አንድ ሰው ስለ አንድ ንጉሥ እንዴት ሁለት ነገር እንደሚጽፍ ታያላችሁ።

ሰባተኛ፦ የምክንያትና የውጤት ገጽ ይኑራችሁ

ለየትልቁ ክስተት አንድ ገጽ በሦስት ክፈሉ፦ ከበፊቱ የነበረው፣ የለኮሰው፣ የተከተለው። ጥቁር ሞትን ለልምምድ ውሰዱ።

ከበፊቱ የነበረው፦ አውሮፓ በሕዝብ ተጨናንቃለች፤ መሬት ጠቧል፤ ከ1315 ጀምሮ ከባድ ረሃብ አልፎባታል። የለኮሰው፦ በ1347 መጸው ከጥቁር ባሕር የመጡ የጄኖዋ መርከቦች ሲሲሊ ውስጥ መሲና ወደብ ደረሱ፤ በሽታው አብሯቸው ገባ። የተከተለው፦ እስከ 1351 ባለው ጊዜ ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶው አለቀ ይባላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እናንተ ሦስተኛውን አምድ ቀጥሉ። ሠራተኛ ጠፋ፤ የተረፈው ገበሬ ደመወዝ ይጨመርልኝ አለ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1351 ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳይበልጥ ሕግ አወጣ። ቁጣው ተጠራቀመ፤ በ1381 የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጨመርበት የገበሬዎች አመፅ ፈነዳ። በሌላ በኩል ሕዝቡ የሚወቅሰው ፈለገ። ይሁዲዎች ጉድጓድ መርዘዋል ተብሎ በ1349 ስትራስቡርግ ውስጥ ተጨፈጨፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ስድስተኛ ይሁዲዎችም በዚሁ በሽታ እየሞቱ ነው ብለው ክሱን ቢቃወሙም ሰሚ አላገኙም። ከአንድ ወረርሽኝ ኢኮኖሚ፣ ሕግ፣ አመፅ፣ ጥላቻ ሲወጣ በአንድ ገጽ ላይ ታያላችሁ።

ስምንተኛ፦ መካከሉን አትዝለሉ

ከ476 እስከ 1453 ያለውን ሺህ ዓመት «የጨለማ ዘመን» ብሎ መዝለል የተለመደ ነው። ትልቅ ጉዳት ነው። መጀመሪያ ነገር በ476 የወደቀው ምዕራቡ ብቻ ነው። በቁስጥንጥንያ ያለው የሮም መንግሥት ሌላ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቷል፤ ሰዎቹም እስከ መጨረሻው ራሳቸውን የሚጠሩት ሮማውያን ብለው ነው። የግሪኩ ፈላስፋ የአርስጣጣሊስ ሥራዎች ባግዳድ ውስጥ ወደ ዐረብኛ ተተረጎሙ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ላይ እንደ ክሬሞናው ጄራርድ ያሉ ተርጓሚዎች ከዐረብኛ ወደ ላቲን መለሷቸው። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ሲጽፍ የኮርዶባውን ሙስሊም ሊቅ ኢብን ሩሽድን በስሙ ሳይሆን «ተንታኙ» እያለ ነበር የሚጠቅሰው፤ ያን ያህል የታወቀ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋምም የተወለደው በዚሁ ዘመን ነው፤ ቦሎኛ፣ ፓሪስ፣ ኦክስፎርድ። ይህን ያልያዘ ሰው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢጣሊያ ከሰማይ የወረደች ትመስለዋለች።

ዘጠነኛ፦ በገጹ ጠርዝ የኛን አምድ ክፈቱ

ኢትዮጵያን በግድ ማስገባት አይገባም። ግን የእውነት የተገናኘንበት ቦታ አለ፤ እሱን በጠርዙ ላይ አስፍሩት።

በ356 ገደማ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስ፣ የኛ አባ ሰላማ፣ ለምርመራ ወደ እስክንድርያ ይላክልኝ የሚል ነው። ደብዳቤው እስካሁን የኖረው አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ስለገለበጠው ነው። ስለ ኒቅያ ጉባኤና ስለ አርዮስ ክርክር ስታነቡ ክርክሩ አክሱም ድረስ እንደደረሰ በዚህ ታዩታላችሁ። በ531 ገደማ ደግሞ ዩስቲንያኖስ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ አክሱማውያን ሐር ከሕንድ ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ ጠየቀ፤ ሐሳቡ ፋርስን ለመጉዳት ነበር። ፕሮኮፒየስ እንደሚለው አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች የሚደርሱበትን ወደብ ቀድመው ይይዙ ነበር።

በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ታተመ፤ ያሳተመው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ነው፣ ቋንቋውን ያስተማሩት እዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋገረ። መጽሐፈ ሔኖክ በሙሉ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ፣ እንግሊዝኛው በ1821 ወጣ። እነዚህን በየገጻቸው ጠርዝ ላይ ስትጽፉ ያ ሩቅ የሚመስለው ታሪክ ከቤታችሁ መጽሐፍ ጋር ሲነካካ ታዩታላችሁ።

አሥረኛ፦ ቃሉንና ድርጊቱን ጎን ለጎን አንብቡ

የምዕራቡ ዓለም ስለ ራሱ የጻፋቸው ታላላቅ ሰነዶች አሉ። ብቻቸውን አታንብቧቸው። የፈረንሳይ የሰብአዊና የዜግነት መብቶች መግለጫ የወጣው ኦገስት 26 ቀን 1789 ነው፤ ሰዎች ነጻ ሆነው ይወለዳሉ ይላል። ያኔ የፈረንሳይ ሀብታሟ ቅኝ ግዛት ሴንት ዶሚንግ፣ የዛሬዋ ሄይቲ፣ ስኳርና ቡና የምታመርተው በባሪያ ጉልበት ነበር። በኦገስት 1791 ባሪያዎቹ ተነሱ። ፓሪስ በ1794 ባርነትን ሻረች፤ ናፖሊዮን በ1802 መለሰው። ሄይቲ ጦሩን አሸንፋ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነጻነቷን አወጀች። መግለጫውን በቁም ነገር የወሰዱት እነማን እንደነበሩ ራሳችሁ ፍረዱ። ሄይቲ የሌለችበት የፈረንሳይ አብዮት ጥናት ጎዶሎ ነው ብዬ አምናለሁ። በአትላንቲክ ባሪያ ንግድ ወደ 12.5 ሚሊዮን አፍሪካውያን መርከብ ላይ እንደተጫኑ ይገመታል፤ የሊቨርፑልንና የናንትን ሀብት ስታነቡ ይህ ቁጥር አጠገቡ ይኑር።

ሌላው ለኛ የቀረበ ነው። በ1919 የጸደቀውን የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን አንቀጽ 10 አንብቡ፤ አባላት የእርስ በርስ ግዛታቸውን ከወረራ ሊጠብቁ ይስማማሉ። ኢትዮጵያ በ1923 አባል ሆነች። ኢጣሊያ በኦክቶበር 1935 ወረረቻት። ከአንቀጹ ቀጥሎ የንጉሡን የጄኔቫ ንግግር አንብቡ፤ የማኅበሩን ቃል ኪዳን ይዘው ነው የሚከራከሩት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

መጽሐፉ ከየት፣ ጊዜው እንዴት

አዲስ አበባ ያለ ሰው የወመዘክርንና የአብርሆትን ቤተ መጻሕፍት ይሞክር። ውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢያችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡ፤ የሌላቸውን መጽሐፍ ከሌላ ቅርንጫፍ ማስመጣት የተለመደ ነው። ለንደን ያለ ሰው ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የፓርቴኖንን ቅርጻ ቅርጾች በነጻ ያያል። እስራኤል ያለ ሰው ቂሳርያ ሄዶ ሄሮድስ ያሠራውን ከተማ ፍርስራሽ ይረግጣል፤ የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ የተገኘው እዚያ ነው።

የጥንቶቹ ጸሐፊዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ትርጉም በነጻ ይገኛሉ። ፕሮጀክት ጉተንበርግ፣ ኢንተርኔት አርካይቭና ፐርሲየስ ላይ ፈልጉ። ዳታ እንዳይበላ ከፒዲኤፍ ይልቅ ጽሑፉን ብቻ አውርዱ። ትርጉሞቹ አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆኑ እንግሊዝኛቸው ጠንከር ይላል፤ ሁለት ገጽ በቀን ይበቃል። ለማዳመጥ የሚመቻችሁ ከሆነ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ትምህርቶችን በነጻ አስቀምጧል፦ የጥንቷ ግሪክ፣ ከ284 እስከ 1000 ያለው ዘመን፣ ከ1648 እስከ 1945 ያለው አውሮፓ። ድምፁን ብቻ ማውረድ ይቻላል፤ መንገድ ላይ ይሰማል።

ዓመቱን እንዲህ ከፋፍሉት። ሁለት ወር ለዓመታቱ ዝርዝር፣ ለካርታውና ለግሪክ። ሁለት ወር ለሮም። ሦስት ወር ለመካከለኛው ዘመን። ሁለት ወር ከ1450 እስከ 1700፤ ማተሚያ፣ ሉተር፣ የአሜሪካ ወረራ፣ ጋሊሊዮና ኒውተን እዚህ ይገባሉ። ሦስት ወር ከዚያ እስከ 1945። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ቀን ዘመናዊ መጽሐፍ፣ አንድ ቀን የጥንት ጽሑፍ፣ አንድ ቀን ደብተር። በየወሩ መጨረሻ መጽሐፍ ሳትከፍቱ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ፤ ርእሱ ያው የመረጣችሁት ጥያቄ ነው። የሚያነብላችሁ ጓደኛ ካለ ስጡት፤ «ለምን?» ብሎ የጠየቀበትን መስመር አስምሩና የሚቀጥለው ወር ንባብ ከዚያ ይጀምር።

ወር ካመለጣችሁ ለማካካስ አትሩጡ። የዚያን ዘመን ዓመታት ከዝርዝሩ ላይ አንዴ አንብቡና በቀጥታ ወደ ተረኛው ወር እለፉ። የዘለላችሁትን በሁለተኛው ዙር ትመለሱበታላችሁ፤ ያኔ ካርታውም ዓመታቱም ስላሉ ግማሽ ጊዜ እንኳ አይፈጅባችሁም።